ኪሎ ተኩል የማትሞላው ቤት

ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጸጥታና የተያዙ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ፣
ቢሮ ካሉ በወንበርዎ፣ ቢሮ ከሌሉም እንደ ልማድዎ በስብሰባዎ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጂርቱ? እርስዎ ደኅና ነዎት? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ላምዎ ከነጥጃዋ፣ ማኅተምዎ ከነቀለሙ ደኅና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን የምጽፍልዎም እንቅልፍ ያጣሁበትን ምክንያት ላስረዳዎ ብዬ ነው። ቢሮዎ አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ብለጥፈው አንድ ቀን ሲያልፉ ያነቡልኛል ብዬ በግልጽ ጻፍኩት። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ነጠላ ሰረዙን ያስተካከለልኝ ጎረቤቴ መምህር ሙሀመድኑር ስለሆነ፣ በነጠላ ሰረዝ የሚከሱ ከሆነ እሱን ይክሰሱልኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ የትራስና የፍራሽ ልብስ የምሰፋው ኡሚ ነኝ። አሁን ይህን ሲያነቡ የተደገፉትን ትራስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ምቾቱ እንዳልጎደለ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ኅዳር ሰባት እሑድ አመሻሽ ላይ፣ በዕድሜ እኔን የምታህል፣ ፀጉሯ ገብስማ የሆነ አንዲት ፈረንጅ ሴት ብስክሌቷን እየገፋች ደጃፌ ላይ ቆመች። ስሟ አኒካ ነው። በአገሯ የልጆች አስተማሪ ናት፤ ከአዲስ አበባ ተነሥታ በብስክሌት ላሊበላ ልትደርስ ነው አሉ። በሙሀመድኑር አስተርጓሚነት ግቢዬ ውስጥ ማደር ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህ ደግሞ ጥያቄ ሆኖ ነው? ወዲያው አልጋዬን አነጠፍኩላት። እሷ ግን አልጋዋን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እምቢ አለች። ከዚያም ከብስክሌቷ አጥንት ጋር ከታሰሩት ከረጢቶች አንዱን ፈታች።

ክቡር ሆይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ፍራሽና ትራስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በዐይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ትልቅ ዳቦ የምታህል ጥቅል ተዘርግታ ድንኳን ሆነች፤ ግድግዳዋ ትንኝ የማያስገባ መረብ፣ ምሰሶዋ አንዱ በሌላው እየተቀጠለ የሚቆም ቀጭን ዘንግ። ፍራሿ በአፍ ተነፍታ የምትሞላ፣ ስትተነፍስ ክንዴን የምታህል ናት። ብርድ ልብሷ እንደ ከረጢት ተገብቶባት ዚፕ የሚዘጋባት፣ ውስጧ የዳክዬ ላባ፣ ስትጨመቅ በአንድ የወተት ጣሳ የምትገባ። ትራሷማ ከተነፈሰች በአንድ ጡጫ ውስጥ ትገባለች። ከጉድ የተነሣ የሱቅ ሚዛን አስመጥተን ቤቲቱን መዘንናት፤ ኪሎ ተኩል አልሞላችም። አኒካ እየሳቀች ግቢ አለችኝ፤ ገባሁ፣ በጀርባዬ ተጋደምኩ፣ ስፌቱን በጣቴ እየዳበስኩ መረመርኩት። ይህን ቃል በቃል ያስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ አገር በሰው ግቢ ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ሰርግ ከሆነ ጎረቤት ይጠራል፤ እኔ ደግሞ ማንንም አልጠራሁም። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቴ ሀዲጃ ወንፊት ልትዋስ ገባች። ድንኳን አየች። ጠጋ ስትል ደግሞ ውስጡ ከእግር እስከ ራሱ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ የሚታይ ሰው ተጋድሟል። ኢና ሊላሂ ብላ ስትጮህ፣ እኔ ከቤት እስክወጣ የሰፈራችን ዕድር ቅሬው ተሰብስቦ፣ አንዱ ዶማ፣ አንዷ ንፍሮ የሚቀቀልበት ብረት ድስት ይዘው ግቢዬን ሞልተውት ነበር። በዚህ መካከል ሞተች የተባለችው ጀነዛ ዚፕዋን ከፍታ ቁጭ አለችና እንደምን አደራችሁ አለች።

ሳቁ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን ሀዲጃ ሰው ሁሉ እየሰማ «ኡሚዬ፣ ኬሱማሽን በቁሟ ከፍነሽ ደጅ አሳደርሻት? አንቺስ ከውስጥ ቆልፈሽ እንቅልፉ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ኬሱማ እንግዳ ማለት እንደሆነ፣ እንግዳውን ደጅ ያሳደረ ቤትም ስሙ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እናቴ ራሷ መሬት ተኝታ እንግዳ አልጋ ላይ ታስተኛ የነበረች ሴት ናት። አልጋ ሰጥቻት እምቢ ማለቷ በመንግሥት ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ ብዬ ወደ ቢሮዎ የሮጥኩት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል፤

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ቦኖ ውኃው ከተቋረጠ ከረመዳን ወዲህ ነው፤ እስካሁን መጥቶ ያየው የለም። የእኔን ቃል ግን ጸሐፊዎ ጽፎ ሳይጨርስ ሁለት ሚሊሻ ግቢዬ ገብተው ነበር። ምናለ ቦኖውም አንድ ቀን ቢጠረጠር ብዬ ዱዓ አድርጌያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበብዎ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ክብደቱ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ቤት በአካባቢያችን ስለማይታወቅ፣ ዕቃው ቤት ሳይሆን መሣሪያ ሊሆን ስለሚችል እስኪጣራ ይያዝ» ተብሎ የሰፈረውን ሙሀመድኑር አንብቦልኝ ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። የሚከብድ ነገር ሁሉ ደኅና፣ የሚቀል ነገር ሁሉ ተጠርጣሪ ከሆነ፣ ቢሮዎ ውስጥ የሚሠራው ሥራም እንዳይያዝ እሰጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ላባው። ያች ብርድ ልብስ ያን ያህል የምታሞቀው ምን ተደብቆባት ነው ተብሎ በምላጭ መቀደዷንና፣ ላባው ቢሮውን ሞልቶ ለሁለት ቀን ባለጉዳይ ሁሉ እያስነጠሰ መውጣቱን ሰምቻለሁ። የመታወቂያ ወረቀቷን ያደሰች አንዲት ሴት ማኅተሟ ሥር የዳክዬ ላባ ተጣብቆ አሳይታኛለች። ምርመራው ውስጧ ላባ መኖሩን አረጋግጧል፤ ይህንኑ የዕቃው ባለቤት አኒካ በመጀመሪያው ቀን ተናግራ ነበር።

አራተኛ፣ ፍራሿን ዘበኛው ረጀብ ቀን ቀን እየተኛባት «እያጣራት» ነው። ከቁልቋሉ ሥር አንጥፏት እሾህ ቢወጋት በባጃጅ ጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ለጥፏታል። የረጀብን ወገብ አላህ ያሽርለት፤ ክፋት የለውም፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ግን ማጣራት እንዲህ የሚያንኮራፋ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አምስተኛ፣ ድንኳኗ የቢሮው ሞተር ሳይክል ማደሪያ ሆናለች። ሞተሩ ከፊት ጎማው በቀር አይገባባትም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት እርስዎን ለማሳፈር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ፈርሜ እፎይ ባልኩ ነበር። ነገር ግን ከሁሉ የከፋው የእኔው ነው፤ ሰው የራሱን ሳይናገር የሌላውን ብቻ ቢናገር ሐሜት ይሆንበታል።

ቢሮዎ የመጣሁት አኒካን ልከስ አልነበረም፤ ስሜን ላድን ነበር። ጸሐፊዎ እየጻፈ ሳለ ቀና ብሎ «አልጋ ሰጥተሻት ታዲያ ለምን እምቢ አለች?» አለኝ። መልስ ከማጣ ብዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። «ዕቃዋን ሰው እንዲጠጋባት ስለማትፈልግ ነው» አልኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ክቡር ሆይ፣ ወላሂ ውሸት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ግቢ ብላኝ፣ በገዛ ፍራሿ ላይ አጋድማኝ፣ ስፌቷን ስዳብስ እየሳቀች መብራት ያበራችልኝ ሴት ናት። በኋላ ሙሀመድኑርን ሳስጠይቃት አልጋዬን እምቢ ያለችው ለምን እንደነበረ ተናገረች። በቤቱ ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ መኖሩን አይታ፣ እኔ መሬት እንደምተኛ ገብቷት ነው። እኔ የእናቴን ወግ ስጠብቅ፣ እሷ የእኔን ወገብ ጠበቀች። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው ሚሊሻው የመጣው። እርስዎ ዕቃዋን ቢይዙም፣ መያዣውን ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ጠበቀች። «ነገ ይጣራል» ይባል ነበር። የመቆያ ፈቃዷ ቀን እየባከነባት ስለሆነ በአራተኛው ቀን ዕቃዋን ትታ ልትሄድ ተነሣች። ጋቢዬን ሰጠኋት። ያ ጋቢ ብቻውን ቤቷን፣ ፍራሿን፣ ብርድ ልብሷን አንድ ላይ ቢመዝኗቸው ይበልጣቸዋል፤ ብስክሌቷ ላይ ስናስረው የኋላ ጎማዋ ጎበጥ አለ። አቅፋኝ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለችኝ። ሙሀመድኑር «አላህ እንዳንቺ ያለ እንግዳ ተቀባይ ያብዛ ማለቷ ነው» ብሎ ተረጎመልኝ። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «በሰላም ግቢ» ነው።

ባለፈው ሳምንት በሙሀመድኑር ስልክ ደወለች። ላሊበላ ደርሳ እየተመለሰች ነው። ጋሸና ላይ ሁለት ሌሊት ጋቢውን ተጠቅልላ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አድራ ሳል ይዟታል፤ እያወራችም ታስል ነበር። «የኡሚ ጋቢ ባይኖር ሞቼ ነበር በሏት» አለች። ይህን ምስጋና ለእርስዎ ባስተላልፍልዎ ደስ ባለኝ፤ እኔ ልሸከመው አልቻልኩም።

የፊታችን ዓርብ ከሚሴ ትደርሳለች። አንድ ሌሊት አድራ ወደ አዲስ አበባ ትቀጥላለች። በመልሷ የጣርማ በርን ተራራ ገና አልተሻገረችም፤ የጣርማ በርን ብርድ ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ያንን ብርድ ደግሞ በዚያ ሳል ላይ ልትደርበው ነው። ዓርብ ስትገባ ያችን ዓረፍተ ነገር በራሴ አፍ እነግራታለሁ፤ ሙሀመድኑር እየተረጎመ፣ ሀዲጃም ካሻት እየሰማች። ከዚያ በኋላ ፊቷን አዙራ ብትሄድ ፍርዷ ነው። ቀበሌው ላይ ያስመዘገብኩትንም ቃል ዛሬ በዚህ ወረቀት አንሥቼዋለሁ።

ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነው። የተቀደደችዋን ብርድ ልብስ ከነቀዳዳዋ፣ ላባውንም ከየወንበሩ ሥር ጠርጋችሁ በፌስታልም ቢሆን ይስጡኝ። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልይዝም፤ ከዓርብ በፊት ሞልቼ እሰፋታለሁ። የአገሯን ስፌት ባልደርስበትም ብርድ ግን አላስገባባትም። የፍራሿን ልጣፊ እኔ አስተካክለዋለሁ። ድንኳኗንም ሞተሩ ከፈቀደ።

በዕድሜዎ፣ በወንበርዎና በስብሰባዎ ላይ አላህ በረካ ያድርግልዎ፤ የተያዘ ነገር ሁሉ የሚለቀቅበትን ቀን ያሳይዎ። ትራስዎ እንዳይጎረብጥዎ በመመኘት፣ ጥፋቷንም ክብርዎንም ያልረሳችው፣

ዑሙልኸይር እንድሪስ (ኡሚ)፣ የፍራሽና የትራስ ሰፊ

ግልባጭ፣
ለባጃጅ ተራ አስከባሪ (ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብ)
ለቅሬያችን (ስለ ዶማውና ስለ ብረት ድስቱ ከይቅርታ ጋር)
ለሀዲጃ (ወንፊቴን እንድትመልስ ጭምር)

ከፊርማዬ በታች የቀረ፤ በቃለ ጉባኤዎ «የተያዙ ዕቃዎች፣ ቤት መሰል አንድ፣ ፍራሽ አንድ፣ ብርድ ልብስ አንድ» ተብሏል፤ ትራስ የለም። ትራሷ እኔ ዘንድ ነበረች። ሚሊሻዎቹ ሲገቡ ላተርፍላት በጡጫዬ ጨበጥኳት። ስትሄድ ግን ስፌቷን አይቼ ልቅዳ ብዬ አልሰጠኋትም፤ ወር ሙሉ ተኝቼባት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔና የቢሮዎ ረጀብ ሁለታችንም በሰው ዕቃ ላይ ተጋድመን ከርመናል ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ነፍቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በቢሮዎ በር ምስማር ላይ ሰቅያታለሁ፤ ዓርብ ባለቤቷ አኒካ ከጓደኞቿ ከድንኳኗና ከፍራሿ ጋር ታገኛታለች፣ እስከዚያም ከተማው ሁሉ ያያታል። ኮሚቴ አላስፈለገኝም፣ ቃለ ጉባኤም አልያዝኩም። ከቤቴ እስከ በርዎ አራት መቶ እርምጃ ነው። ከመጋዘንዎ እስከ በርዎ ዐሥራ ሁለት ነው፤ ስሰቅላት ለክቼዋለሁ።