ቆጮው ውስጥ የቀረ ሜርኩሪ

ቡታጅራ፣ መስከረም 13 ቀን 1963 ዓ.ም.

ዛሬም ለእናቴ ሳልነግራት መሸ።

ትናንት እሷ ገበያ ስትሄድ የቆጮውን ጉድጓድ ቅጠል ገልጬ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተዋስኩትን ቴርሞሜትር ሰካሁበት። ቆጮ ሲብላላ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለክፍል ጓደኞቼ ላወራ አምሮኝ ነበር። እኛ ዘንድ ወንድ እዚያ ጉድጓድ ጋ ድርሽ አይልም። ታዲያ ቆጮው ተረግጦ እንዲያ መጠጠሩን በምን ልወቅ? ገፋ ሳደርገው ቀጭ አለ። ስብርባሪውን ለቀምኩ፤ ሜርኩሪው ግን እንደ ጤዛ ተበታትኖ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

የባዮኬሚስትሪ መምህራችን አምና አስተምረውናል። ኢንዛይም ከሚሠራበት ነገር ጋር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማል፤ ሥራውን ሲጨርስ ይላቀቃል። ሜርኩሪ ግን ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ድኝ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ምን ያህሉ ሰውን እንደሚጎዳ ግን አላውቅም። ምናልባት ምንም አያደርግ ይሆናል። ምናልባት።

ጉድጓዱ የዓመት ድካሟ ነው። ከነገርኳት ይደፋል፤ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጡት ወንድሞቼ ፊት ባዶ እጇን ልትቀርብ ነው።

ራት ላይ፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? እህል አልቀምስ አልክ" አለችኝ።

"ትምህርቱ ነው፣ እማ።"

"እስቲ ለበዓሉ እንኳ ተወው። ነገ ጉድጓዱን እከፍታለሁ። ከሁሉም በፊት ላንተ ነው የምጋግርልህ።"

እሺ አልኳት።