ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላላቸው ስላረፉት የቦርዳችን ጸሐፊ፣ ስለ ወይዘሮ ሥርጉት ወልደ ጻድቅ

ከደንገል የንግድ ሥራ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የሥራ አመራር ቦርድ
ለማኅበሩ አባላት፣ ለኮሌጁ መምህራንና ሠራተኞች፣ ለባሕር ዳር ወዳጆቻችንም በሙሉ

የማኅበራችን መሥራች አባልና የቦርዱ ጸሐፊ ወይዘሮ ሥርጉት ወልደ ጻድቅ ባደረባቸው ሕመም ለአጭር ጊዜ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዓርብ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ ዐርፈዋል። ቦርዱ በዕረፍታቸው እጅግ አዝኗል። ከሐዘኑ ጋር የተሰማው ሌላም ነገር አለ። ሟቿ መሸፋፈን ስለማይወዱ እሱንም በዚሁ መግለጫ ሳይሸፋፍን ይናገራል።

ይህ መግለጫ መውጣት የነበረበት በዕለቱ ነው። የዘገየበትን ምክንያት አባላት ታውቁታላችሁ። የልደት ዘመናቸውን የምታውቁ ንገሩን ብለን በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ስንለምን የደረሰን «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ፣ የሻማ ሥዕልና የተጋጠሙ እጆች ብቻ ነው። ፎቶግራፋቸውን ስንጠይቅም ከቡድን ፎቶ ላይ የሌላ ሰው ፊት ተቆርጦ ተላከልን። በመጨረሻ ሁለቱንም የሰጡን ባለቤታቸው አቶ ጥዑመ ልሳን ናቸው፤ ያውም ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ሳለ። ለወደፊቱ መረጃ ሲጠየቅ መረጃ እንዲላክ ቦርዱ አጥብቆ ያሳስባል።

ወይዘሮ ሥርጉት ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናትዓለም በጣና ዳር በምትገኝ አንዲት አጥቢያ በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ንባብን ከአባታቸው ደጅ ተማሩ። ቀን በፋብሪካ የሒሳብ ክፍል እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ በ1994 ዓ.ም. ከኮሌጃችን የመጀመሪያ ተመራቂዎች ጋር በሒሳብ አያያዝ ተመረቁ። ከዚያው ፋብሪካም በጡረታ ተሰናብተዋል። በማኅበራችን ያገለገሉት ግን ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበልና ብዙ ጊዜም ያለ ሰው ነው።

በ2005 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅነው በዚያ ሰሞን ወኔ ነበር። የቦርዱ ውሳኔ የሚጸናው ከዘጠኙ አባላት ሰባቱ በአካል ሲገኙ ብቻ ነው፣ በስልክም በውክልናም አይሆንም ብለን በጭብጨባ አጸደቅነው። ወይዘሮ ሥርጉት «ይህ ኋላ ይከብዳችኋል አልሁ፤ ከሰማችሁ ስሙ» ብለው ነበር፤ አልሰማንም። ደንቡን ለማሻሻልም ያው ሰባት ሰው በአካል መገኘት ስላለበት እስከ ዛሬ አልተሻሻለም። ቦርዱ ሞልቶ በተቀመጠባቸው ጥቂት ቀናትም ሌላ አጀንዳ እየቀደመ ጊዜው አለቀ። ከቀደሙት አጀንዳዎች አንዱ የማኅበሩ ቲሸርት ቀለም እንደነበር ለታሪክ ይመዝገብ።

በ2007 ዓ.ም. ማኅበራችን ዛሬም ስሙ በበጎ እንዲነሣ ያደረገውን የተግባር ልምምድ መርሐ ግብር አስጀመሩ። በኮሌጁ ደንብ መሠረት በአንድ መሥሪያ ቤት ልምምድ ያላደረገ ተማሪ አይመረቅም። የከተማ ልጅ አጎቱ ዘንድ ወይም አባቱ በሚያውቁት ባንክ ቦታ ያገኛል። ከአንበሳሜ፣ ከዱርቤቴና ከየገጠሩ የመጣው ግን በከተማው የሚያውቀው የቤት አከራዩን ብቻ ነው። ወይዘሮ ሥርጉት በየሆቴሉ፣ በየባንኩና በየፋብሪካው ያሉትን የቀድሞ ተማሪዎች ደጅ እየረገጡ ለእነዚህ ልጆች ቦታ አስገኙ። በመጀመሪያው ዙር ቦታ ካገኙት አንዱ ከዱርቤቴ የመጡት የዛሬው የቦርዱ ሊቀ መንበር አቶ አስማማው ኪዳነ ወልድ ናቸው። ሊቀ መንበሩ ይህ ዐረፍተ ነገር ከመግለጫው እንዲወጣ ጠይቀው ነበር፤ ቦርዱ በድምፅ ብልጫ አቆይቶታል።

በ2012 ዓ.ም. በቃለ ጉባኤው ላይ አዲስ ዓምድ ከፈቱ። ቀድሞ «የተገኙ» እና «የቀሩ» የሚሉ ሁለት ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ስብሰባው ተጀመረ ተብሎ ሲደወልለት «ቀርቻለሁ» የሚል አባል በታሪካችን አልተገኘም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደረስሁ፣ ድልድይ ላይ ነኝ» ይባላል። ይህን የሚሉት ከዓባይ ማዶ የሚመጡት ቢሆኑ እንረዳ ነበር። ስብሰባው የሚደረገው ከወንዙ ወዲህ፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው፤ እዚያው ፋሲሎ የሚኖሩና ምንም ድልድይ የማይሻገሩ አባላትም ድልድይ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ወይዘሮ ሥርጉት «የተገኙ»፣ «የቀሩ»፣ «ድልድይ ላይ ያሉ» ብለው መመዝገብ ያዙ። ሦስተኛው ዓምድ ከሁለቱ የበለጠ ይሞላ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንገድ በተዘጋባቸው፣ ኢንተርኔትም በተቋረጠባቸው ወራት መርሐ ግብሩን በእግራቸው እየዞሩ አስቀጠሉ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። መጨናነቁ ስለሚቀር ሰበቡም ይቀራል ብለን ነበር። አልቀረም፤ አባላት ወደ አዲሱ ድልድይ ተዛወሩ እንጂ። ወይዘሮ ሥርጉት በዚህ ጊዜ «ይህን ሁሉ ሰው ድልድዩ እንዴት ቻለው?» ብለው የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ባይሰፍርም የማያስታውሰው የለም። እየሳቁ ነበር የሚናገሩት። እኛም እንስቅ ነበር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን አንመጣም ነበር።

በያዝነው 2018 ዓ.ም. ከኮሌጁ ጋር የነበረን የልምምድ ስምምነት ጊዜው አበቃ። ኮሌጁ የቦርዱን የእድሳት ውሳኔ እስከ ታኅሣሥ 20 እንድናቀርብ፣ ካላቀረብን ተማሪዎቹ ቦታ በየራሳቸው እንዲፈልጉ እንደሚደረግ አስታወቀን። ዘንድሮ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ለእነዚህ ልጆች በየራሳችሁ ፈልጉ ማለት አትመረቁም ማለት መሆኑን ከወይዘሮ ሥርጉት በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በኅዳር ቦርዱን ደጋግመው ጠሩ፤ አልሞላም። ለመጨረሻ ጊዜ ለቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ከቀኑ በስምንት ሰዓት ጠሩ። ሐሙስ ዕለት ከሕክምና አልጋ ላይ ሆነው ለእያንዳንዳችን ደውለዋል። ድምፃቸው መድከሙን ሁላችንም ሰምተናል፤ ሁላችንም እንመጣለን ብለናል። ማን ከልቡ እንዳለ ቦርዱ አያውቅም፤ ለማጣራትም አልፈለገም።

ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጸመ። የቦርዱ አባላት በሙሉ ተገኝተዋል። ከዓባይ ማዶም፣ ከፋሲሎም፣ ለሥራ አዲስ አበባ ናቸው የተባሉትም ጭምር በሰዓቱ ደረሱ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ አቶ ጥዑመ ልሳን ከፊታችን መጥተው ቆሙ። አንድ በአንድ አዩንና «አሁንማ ሞላችሁ። ስምንት ሰዓትም ሆኗል። የጠራቻችሁ ለዛሬ አልነበረም?» አሉ። የተቆጡም አይመስሉም ነበር። ሊቀ መንበሩ ነጠላቸውን አስተካክለው «ነበር፣ ጋሼ» አሉ፤ ስብሰባውም በዚያው ተከፈተ።

ቦርዱ የተግባር ልምምዱ ስምምነት እንዲታደስ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እያንዳንዱ አባልም በሚሠራበት ወይም በሚያውቀው መሥሪያ ቤት ለተማሪዎች ቦታ ለማስገኘት ግዴታ ገባ። ውሳኔው ሰኞ ጠዋት ለኮሌጁ ደርሷል፤ ተማሪዎቹም ቦታቸውን ይዘዋል። ምልዓተ ጉባኤውን በስልክ መሙላት እንዲቻል ደንቡ ይሻሻል የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ያን ቀን፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ እጁን ያነሣለት አልተገኘም። ጉዳዩ ያለቀው ሻይ ሳይቀርብ ነው። ወይዘሮ ሥርጉት ኅዳርን ሙሉ የለመኑን ይህንኑ ያህል ጊዜ ነበር፤ ቦርዱም በዚህ ነገር ከማዘኑ በላይ ተናዷል፤ የተናደደውም በራሱ ነው።

ለባለቤታቸው ለአቶ ጥዑመ ልሳን፣ ለልጃቸው ለወንጌላዊት፣ ለቤተ ዘመዶቻቸው፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና በእሳቸው ድካም ቦታ አግኝተው ለተመረቁ ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥ። ነፍሳቸውን ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍ። የሚቀጥለው ስብሰባ ጥር 16 ቀን በስምንት ሰዓት ፋሲሎ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ይደረጋል። ስልክ አይደወልም።

በመጨረሻም የቅዳሜውን ቃለ ጉባኤ በሚመለከት አንድ ነገር እንገልጻለን። ጸሐፊ ስላልነበረን የጻፉት ሊቀ መንበሩ ናቸው። ስምንታችንን «የተገኙ» በሚለው ሥር አስፍረው ወደ ዘጠነኛው ስም ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ወይዘሮ ሥርጉት ከተመሠረትንበት ቀን ጀምሮ ከአንድም ስብሰባ አልቀሩም፤ «የቀሩ» በሚለው ሥር እንጻፋቸው ለማለት የደፈረ ከመካከላችን አልነበረም። ተነጋግረን ስማቸውን «ድልድይ ላይ ያሉ» በሚለው ሥር አሰፈርነው። በዚያ ዓምድ የተጻፈው የእሳቸው ስም ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር