የፍልሰታው ቸኮሌት

ጌንት፣ ቤልጂየም
መስከረም 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ ለቄስ ኃይለ ኢየሱስ
ቀየት

ዘመነ ማርቆስን አሳልፎ ለዘመነ ሉቃስ ያበቃን አምላክ ይመስገን። እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አደረገው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆቱ ግን የሚቻል አልሆነም፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት ክፍሌን ዘግቼ ሳለቅስ ዋልኩ።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኝ ነበር። መምህሬ የቸኮሌትን ታሪክ አጥንተሽ ጻፊ ብለውኝ ክረምቱን ቤተ መጻሕፍት ከረምኩ። እኔ እኮ ቸኮሌት ድሮም ከረሜላ ይመስለኝ ነበር። ለካ ካካዎ የሚባል የዛፍ ፍሬ ነው። የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ቆልተው፣ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተው፣ በርበሬ ነስንሰው፣ በውኃ በጥብጠው ይጠጡት ነበር። ስኳር የለው፣ ወተት የለው፤ ልክ እኛ በሶ እንደምንበጠብጠው። ይህን ሳነብ የቤታችን በሶ አማረኝና መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከሁሉ ያሳቀኝን ልንገርዎ። ነገሩ አውሮፓ ሲገባ የዚህ አገር ካህናት “ጾም ያስገድፋል፣ አያስገድፍም” እያሉ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራከሩ። አንደኛው ወገን “መጠጥ ነው፤ መጠጥ ደግሞ አያስገድፍም” ይላል። እርስዎ “ኧረ ወዲያ! እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃስ መች እንቀምስና!” ብለው ጉባኤውን ሲበትኑት ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ወተት የተጨመረበት ገና ከመቶ ሠላሳ ዓመት ወዲህ ነው።

ጣጣ ያመጣብንም ይኸው ወተት ነው። እህቴ እፀገነት መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ሄዳ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። በዓምደ ሚካኤል እጅ የላክሁት የቸኮሌት ካርቶን ነሐሴ 8 ቀን ደረሰ። “እንደደረሰዎ ይቅመሱልኝ” የሚለውን ወረቀቴን አነበቡ። ከቅዳሴ እንደተመለሱ ባርከው ሊቀምሱ ሲሉ እህቴ “ይቆይ፣ ምን እንዳለበት አናውቅም” ብትልዎ፣ “የምሥራች የምግብ ተማሪ ናት፤ ፍልሰታ መሆኑንም ታውቃለች። የጾም ባይሆን ይቅመሱ አትለኝም” አሉ።

በማግስቱ መምህር መልከ ጼዴቅ የካርቶኑን እንግሊዝኛ አንብቦ “ወተት አለበት” አለ። እርስዎም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመቅደስ ቀሩ። የነፍስ አባትዎ የሰጡዎትን ቀኖና ከፈጸሙ በኋላ እሳቸው “በቃ፣ ባለማወቅ ነው፤ ይግቡ” ቢሉዎ፣ “ልጄ እንዲህ አታደርገኝም። የእሷን ቃል ሳልሰማ አልገባም” አሉ አለችኝ።

እፀገነት “መምህሩ ነው የተሳሳተ፣ ወተት የለበትም ብለሽ ጻፊ፤ ማን ያውቃል?” ብላ ለመነችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳለችኝ አድርጌ ጻፍኩት። አድራሻዎንም ጽፌበት ነበር። ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አሳድሬው ቀደድኩት።

አባቴ፣ ወተት አለበት። ስገዛውም አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ቀኑን ነው። ፍልሰታ መግባቱ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ዓምደ ሚካኤል ወደ አገር ቤት ሲነሣ ደስ የሚልዎትን ብቻ እያሰብኩ መረጥኩ። ያን ዕለት እኔም ቁርሴን በወተት በልቼ ነው የወጣሁት። አምና ሁዳዴን ይዤ ነበር፤ ሳምንትም ሳልሞላ ተውኩት፤ ለእርስዎ ግን በየደብዳቤው እየጾምኩ ነው እያልኩ ጻፍኩልዎ። እርስዎ “ታውቃለች” ብለው ያመኗት ልጅ ይህቺ ናት።

ቤት ሳለሁ ጾም መግባቱን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የወተት ዕቃው ታጥቦ ሲሰቀል አያለሁ፤ በቃ። እዚህ ዕቃ የሚሰቅል የለም። ቀኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኔም ከመካከላቸው ጠፋሁ።

ስለዚህ ይግቡ። የእርስዎ ጥፋት ልጅዎን ማመን ብቻ ነው። የነፍስ አባቴ ሌላ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ይፍቱኝ የምለው እርስዎን ነው።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ቢፈቅዱልኝ፣ ዘንድሮ ነነዌ መቼ እንደሚውል፣ ሁዳዴ መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ መቼ እንደሆነ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። እፀገነት በስልክ ልትነግረኝ ትችላለች፤ አልጠየቅኋትም። የእርስዎን ወረቀት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ
የምሥራች ኃይለ ኢየሱስ