የአዛናው ክርስትና ስም

መተማ፣ ኅዳር ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ውድ አዛናው፣

ፓድሬ አንሰልሞ የደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የጤና ጥያቄ፣ ከዚያ ጉዳይ ይሉን ነበር። ሰላምታው ይኸውልህ። ጤናህን ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? ለሞተ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አላስተማሩንም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ነገ አርባህ ነው። ኮኪት ሄጄ ቄሱ ስም ሲጠሩ ቆሜ መስማት አለብኝ፤ የሚጠሩት ስም ደግሞ ያንተ አይደለም።

ኮሌጃችን እንደተውካት ናት። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ካቶሊኮቹ አባቶች ከመተማ ወጣ ብለው የሠሯት ያቺው ረጅም ቤት፣ ግማሿ መማሪያ፣ ግማሿ መኝታ። አንተ «ኮሌጅ የሚሏት በረት» ትላት ነበር። ጠዋት ላቲን፣ ረፋዱ ላይ ሎጂክ፣ ከሰዓት ቆርቆሮው ሲግል ጂኦሜትሪ። ወንበርህ ላይ ማንም አልተቀመጠም። የቀለም ብልቃጥህ ደርቋል፤ እኔም አላጠብኩትም።

እኔን አባቴ የላከኝ ጸሐፊ ልሆንለት ነው። አንተ ግን የመጣኸው የምትገባበት ስላጣህ ነበር። ጭልጋ ያለውን ቀያችሁን ወታደር ሲያቃጥለው እናትህ እማማ አየሁሽ እዚያው ቀሩ። የነፍስ አባታችሁ ዱር ገብተው አልተመለሱም፤ ክርስትና ያነሳህም ሰው ሞተ። የቀረችህ ኮኪት የተዳረችው ታናሽ እህትህ ካሰች ብቻ ነበረች። ይህን ሁሉ አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ እንደ ተራ ወሬ ነገርከኝ፣ እኔም ሸሚዜን መጭመቅ ቀጠልኩ።

በገባን ሰሞን ፓድሬ አንተን ቶማሶ፣ እኔን ሉካ ብለው ሰየሙን። «እንግዲህ የዓለም ስም አለን፣ ክርስትና ስም አለን፣ አሁን ደግሞ የኮሌጅ ስም መጣልን» አልከኝ። «ስሙ ሲበዛ ምሳውም ቢበዛልን ምናለበት?» ፓድሬ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም ነበርና «ቶማሶ፣ ነይ ተነሺ፣ መልሺ» ሲሉህ አንተ ነጠላህን እንደ ሴት ተከናንበህ ትነሳለህ፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። ያ ሳቅ አሁን የት እንደገባ አላውቅም።

የቅዳሜውን ክርክር ታስታውሳለህ? አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ፓድሬ ይፈርዳሉ። የዚያን ቀን ጥያቄው «ስም የነገሩ አካል ነው ወይስ ሰዎች የተስማሙበት ድምፅ ብቻ?» የሚል ነበር። እኔ አካሉ ነው አልኩ፤ መጻሕፍት እየጠቀስኩ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ተከራከርኩ። አንተ ከእንስራው አንድ ጣሳ ውሃ ቀድተህ ተነሳህ። «ይህን እኛ ውሃ እንለዋለን። ነጋዴው አብዱልሀኪም ሞያ ይለዋል። ፓድሬ አኳ ይሉታል። በየትኛውም ስም ግን ጥም ይቆርጣል» ብለህ ግጥም አድርገህ ጠጣኸው። ፓድሬ እያጨበጨቡ ፈረዱልህ።

ከክፍል ስንወጣ ንዴቴ አልበረደልኝም ነበር።

«እንግዲያውስ ክርስትና ስምህን ንገረኛ!» አልኩህ።

«ሂድ ወዲያ! እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ድምፅ ብቻ ነው አላልክም?»

«ክርክሩን አሸነፍኩ እንጂ አምኜበታለሁ መቼ አልኩ? እናቴ ስምህን ያወቀ ሰው ይደግምብሃል ብላ አስምላኛለች። አንተስ ያንተን ትነግረኛለህ?»

እኔም አልነገርኩህም። የእኔም እናት አስምላኝ ነበራ! ሁለታችን የላቲን ተማሪዎች ድግምት ፈርተን ተፋጠጥን፣ ከዚያ ሳቅን፣ ወደ ምሳ ሄድን።

ዝናቡ እንዳቆመ ንዳዱ ያዘህ። የወባው ኪኒን አልቆ ነበር። ገና ልብህ ሳይስት እጄን ይዘህ «ካሰች ጋ ውሰደኝ፣ የኛው ቄስ ይፍታኝ» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ስምህን መጠየቅ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ዓይንህ ማንንም አይለይም። ጆሮህ ላይ ተደፍቼ «አዛናው፣ ክርስትና ስምህ ማነው? ስምህን ንገረኝ» አልኩ። ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብዬ ስሰማ «ሮዛ፣ ሮዜ፣ ሮዜ፣ ሮዛም፣ ሮዛ፣ ሮዛ» ትላለህ። መጀመሪያ የተማርነውን የላቲን ርባታ ነበር፤ አንድም አልሳትክም። ደግሜ ጠየቅኩህ፣ ደግመህ ያንኑ መለስክ። ፓድሬ አጠገባችን ነበሩ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲመሽ አረፍክ።

«ቶማሶ እዚህ ትቀበር፣ የእኛ ልጅ ናት» አሉ ፓድሬ።

«አባ፣ ራሱ ነው የለመነኝ። ቃል ገብቼለታለሁ።»

«እንግዲያ ውሰጂያት። እኔ እዚህ ቶማሶ ብዬ እጸልያለሁ» አሉኝ። በዚያ አነጋገራቸው የሳቀ ሰው አልነበረም።

አብዱልሀኪም ከሱቁ ለመገነዣ አቡጀዲ ቀድዶ ሰጠን፣ ግመሉንም አመጣ። ኪራይ ስጠይቀው «ወላሂ፣ እንዲህ አትበለኝ! ልጁ ደጄ ተቀምጦ ስንት ቀን አስቆኛል» ብሎ ተቆጣ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን በሰሊጡ ማሳ መሃል ይዘንህ ሄድን። ኮኪት ስንደርስ ፀሐዩ ከሮ ነበር። ካሰች ግመሉን ከሩቅ አይታ ነው ያወቀችው፤ ማንም አልነገራትም።

የኮኪቱ ቄስ መምሬ ገብረማርያም መጀመሪያ ያዩት አንገትህን ነው። ማተብህ አለ፣ ጥቁሩ ነጥቶ። «ፈረንጅ ቤት ኖሮ ማተቡን አልበጠሰም፤ ደግ ነው» አሉ። «ክርስትና ስሙስ?»

«አዛናው ነው፣ መምሬ።»

«እሱማ የዓለም ስሙ ነው። በዓለም ስም ፍትሐት የለም፣ ልጄ።»

ሁላችንም ወደ ካሰች ዞርን። «እኔ ምን አውቄ!» አለች ደረቷን እየደቃች። «እናታችን ስትጸልይ በሆዷ ነበር የምትጠራው። ለታናሽ እህት ማን ይነግራታል?»

«የሚያውቅ ሰው ይፈለግ።»

«ከየት ይፈለግ፣ መምሬ? ያወቁት ሁሉ አለቁኮ!»

ቆፋሪዎቹ ጨርሰው ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሙቀቱን ታውቀዋለህ፤ የቆላ ሬሳ ቀጠሮ አይሰጥም። መምሬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ላባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «እንግዲህ እግዚአብሔርን ማንን ማርልኝ ልበለው?» አሉ። ካሰች ሬሳህ ላይ ወድቃ «ስም የሌለው አታድርጉብኝ፣ እንደ ውሻ አትቅበሩብኝ» ስትል አልቻልኩም።

«ወልደ ሰንበት ነው» አልኩ። «ለእኔ ነግሮኛል።»

ወልደ ሰንበት እኔ ነኝ፣ አዛናው። ለእናቴ ምዬ ላንተ እንኳ የነፈግኩህ ስሜ ያ ነው።

መምሬ መጽሐፋቸውን ገለጡ። «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት» አሉ። ደጋግመው ጠሩት፣ በጠሩት ቁጥር ቀና ብዬ አቤት ልል ይቃጣኛል። የራሴን ፍትሐት ቆሜ ሰማሁ፤ ከዚያ አፈሩን ባንተ ላይ መለሱት።

ካሰች ስትነሳ ትከሻዬን ሳመችኝ። «ለእኔ ያልነገረኝን ላንተ ነገረህ? እሰይ፣ ወንድም አግኝቶ ነበር ማለት ነው» አለችኝ። ይህን ያህል የመረረ ምስጋና ቀምሼ አላውቅም። አሁን እንጀራ ስትቆርስ ለነዳያን በወልደ ሰንበት ስም ትሰጣለች፣ ስታለቅስም ወልደ ሰንበቴ እያለች ነው። እንዴት ብዬ ልንገራት? ብነግራት ሁለተኛ ጊዜ ልትቀብርህ ነው፣ ያውም ያለ ስም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ አልገባ ብሎኛል። ባለፈው ቅዳሜ ፓድሬ ለክርክር አስነሱኝ፤ ቆሜ ቆሜ ተቀመጥኩ። እኔ የያዝኩት ክርክር ሌላ ነው፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ራሴ ነኝ። ስም ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ አንተ እንዳልከው፣ ጸሎቱ ደርሶሃል፤ ጥምህ ተቆርጧል። የስም ነገር መምሬ እንዳሉት ከሆነ ግን ፓድሬ የሚጸልዩት ለቶማሶ ነው፣ መምሬ የፈቱት ወልደ ሰንበትን ነው፣ ላንተ ለአዛናው የጸለየልህ አንድ ሰው የለም። ያንን ጣሳ ይዘህ ስትነሳ እንድትሸነፍ ስንት ተመኝቼ ነበር! ዛሬ ያሸነፍክ ይሁን ብዬ እለምናለሁ፣ ግን አላምንህም። ራስህም አላመንክበትም፣ ነግረኸኛል።

ከትናንት ጀምሮ እኔንም ብርድ ብርድ ይለኛል። ፓድሬ ግንባሬን ዳስሰው ወጡ። ንዳዱ ከሆነ መምሬ ገብረማርያም ስሜን ሲጠይቁ ምን ብለው ይነግሯቸዋል? ወልደ ሰንበት እንደሆነ ተፈቷል፣ ተቀብሯል፣ ነገ አርባው ይወጣል።

ቢሆንም ነገ ኮኪት እሄዳለሁ፤ ካሰች ዓይኗ መንገድ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እዚያ ባለህበት ወልደ ሰንበት ብለው ሲጠሩ ብትሰማ የእኔ አይደለም ብለህ ዝም እንዳትል። ተነስ፣ አቤት በል። ሰጥቼሃለሁ።

ጓደኛህ
ፈረደ፣ ከእናቴ ቤት የቀረኝ ስም ይኸው ብቻ ነው