ቶቢ አልበላም

ሰኞ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ፋጡማ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ያልኩትን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ፤ ማሳመር የለም።

ሩቢ ሞተች። ዕድሜዬን የጨረስኩት መካነ እንስሳው ውስጥ የጎሪላዎቹን መስታወት ሳጸዳ ነው፤ ከሁሉም የምቀርበው እሷንና ባሏን ቶቢን ነበር። ቶቢ ጫካ አያውቅም። እዚሁ አትላንታ ተወልዶ፣ እናቱ አልቀበልም ብላው ሰው በጡጦ ያሳደገው ነው። ሬሳዋን ፊቱ ሊያስተኙለት ነው አሉ። ተንከባካቢዋን ሰሚራን «ልቡ የታመመ ነው፤ ለታመመ መርዶ አይነገርም» አልኳት። የወሎ ሰው ልጅ ናት፣ ይገባታል ብዬ።

«ጋሼ፣ ካላየ ሲፈልጋት ይኖራል።»

«እዚህ ተወልዶ ያደገ ስለ ሞት ምን ያውቃል?»

«እኔም እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

ጨርቄን አንስቼ ወደ መስታወቴ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

አሳዩት። አሸተታት። እጇን ሳብ አድርጎ እንድትነሳ ጠበቀ። ሲወስዷት ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ድንቹም፣ ሙዙም፣ ጎመኑም እንዳለ ነው። እኔ ትክክል ነበርኩ። ምን ጠቀመው?

ረቡዕ

የእረፍት ቀኔ ነው። ፋጡማ «አባባ፣ ለጎሪላ ለቅሶ ልትደርስ ነው?» ብላ ሳቀች። አዎ። መሳቅሽንም ጻፊው።

እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ቤት ምግብ ተይዞ ይኬዳል፤ እምቢ ካለ በግድ ይጎርሳል። ቻምብሊ ካለው የሐበሻ ሱቅ ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ። በሽቦው በኩል ላጎርሰው ስል ሰሚራ ነጠቀችኝ።

«ጋሼ፣ ሁለታችንንም ከሥራ ፋየር ያደርጉናል!»

ከመስታወቱ ሥር ተቀመጥኩ። «በሞቴ፣ አንዴ ቅመስ» እለዋለሁ።

«አማርኛ አይሰማም እኮ» አለችኝ።

«እንግሊዝኛችሁንስ መች ሰማ?»

ሳቀችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ነገም ካልበላ አርብ በማደንዘዣ አስተኝተው ሊመረምሩት ነው አለችኝ። በዚያ ልቡ ላይነቃ ይችላል።

ሐሙስ

ጠዋት ከጥጉ ተነሳ። ጎመን አነሳ። ሰሚራ ክንዴን ጨመቀችኝ። አሸተተው፤ ወደ አፉ አላስጠጋውም። ወስዶ ሩቢ ትተኛበት የነበረው ድርቆሽ ላይ አስቀመጠው። ተመልሶ ድንቹንም ወሰደላት። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጦ በሩን ያያል።

«አይቶም አልገባውም» አለች ሰሚራ፤ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።

ነገ ማደንዘዣውን ይወጉታል። ይነቃል ብዬ አላስብም። ቢነቃም ምን ሊያገኝ?

በይ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። የዘለልሽው ካለ አውቀዋለሁ።