የአንድ ዓይናዋ አዲስ መብራት

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ፈቀዱ! አባባ ፈቀዱ። አፋቸውን ሞልተው አይደለም፤ ሽሯቸውን እየጎረሱ "እንግዲህ ሞክሪው" ነው ያሉት። እኔ ግን ዘልዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እማዬ ሳቀችብኝ። ለመኪና መብራት ጉልበት የሚስም ሰው አይታ አታውቅማ።

የአባባ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከሞላሌ ደብረ ብርሃን እየተመላለሰች እኔን አሳድጋኛለች። ሞተሯ እያሳለም ቢሆን ይሠራል። መብራቷ ግን ያሳዝናል። የፊት ቀኟ ቢጫ ነው፣ ግራው ከሞተ ቆይቷል። አገር ሁሉ "አንድ ዓይናዋ" ይላታል። ከኋላዋ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ የሚበራ ነገር ካለ ተአምር ነው። እማዬ ጨለማ ሲሆን አባባ እስኪገቡ ድረስ እህል አይወርድላትም።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ሴት ልጅ መኪና ሥር ስትገባ ያየ ሁሉ ያማትባል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያቺን መንገድ ዳር ያለች ክፍላችንን። ተከራይዋ ለቋል። አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ላድርጋት እያለ አባባን ይዟቸዋል። እኔ ደግሞ መሥሪያዬ ትሁን እላለሁ።

ፍርዳቸው ይኸውና፦ "የውጭ መብራቷን በሙሉ ወደዚያ ኤልኢዲ ወደምትዪው ቀይሪ። እስከ ጽዮን ማርያም አንድ አቤቱታ ካልሰማሁ ክፍሏ ያንቺ። ከሰማሁ የነጋዴው።"

ጽዮን ማርያም እሑድ ናት። እማዬ "ላም አለኝ በሰማይ" አለችኝ። እናያለን!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ባሌስትራዋ እየተጠገነ ስለሆነ ዛሬ አልወጣችም። ቀኑን ሙሉ የእኔ ነበረች።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ካርቶን። ፊቱን ከነመስታወቱ አወጣሁና አዲሱን ገጠምኩ። የጎኑ፣ የታርጋው፣ የኋላ ማርሹ፣ ሁሉም እሺ አሉኝ። ስቶፑ ጋ ስደርስ ግራው በራ፣ ቀኙ ዝም። ሰው ከቦኛል። ረዳቱ ደምሴ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ፍሬኑን እየረገጠ "በራ? በራ?" ይላል። አልበራም። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ይሄ አምፑል እንደ ድሮው በየትም ቢያስገቡት የሚበራ አይደለም፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ይለያል። አወጣሁና ገልብጬ መለስኩት። ቦግ! ከተመልካቹ አንዱ "እሰይ!" ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ ባውቅ ዳቦ እጋግርለት ነበር።

ደስታዬ ግን እስከ ፍሬቻው ነው። ስከፍተው እንደ እብድ ይርገበገባል። ደምሴ ወርዶ አየና "ይሄ ፍሬቻ ነው እስክስታ?" አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም። ምክንያቱን አውቃለሁ። አዲሱ አምፑል የሚበላው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። ፍሬቻውን የሚያጠፋ የሚያበራው ፍላሸር ደግሞ የለመደው ትልቅ በላተኛ ስለሆነ አምፑል የተቃጠለ ይመስለዋል። ፍላሸሩም መቀየር አለበት። ደብረ ብርሃን ላለችው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወልኩላት። ነገ በመኪና ትልክልኛለች።

የወጣውን አሮጌ ቢጫ መብራት እማዬ ወስዳ የዶሮ ውኃ መጠጫ አድርጋዋለች። ይሁንላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ፍላሸሩ መጣ! የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር። ሰካኋት። ፍሬቻው ረጋ ብሎ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ደምሴን "እስክስታው የታለ?" አልኩት። "ጾም ነው ብዬ አስቆምኩት" አለኝ። አያፍርም።

መኪናዋ ባሌስትራዋ እስኪያልቅ ዛሬም ሳትወጣ ዋለች። ሲመሻሽ ከጎረቤት ግድግዳ ፊት አቁመናት የፊቱን አስተካከልኩ። ከፍ ካለ ከወዲያ የሚመጣውን ሾፌር ያሳውረዋል። በከሰል መስመር አሰመርኩና ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እዚያ ጋ በቃ። ጎረቤታችን "ግድግዳዬን ልትስይው ነው?" አሉ።

ከዚያ አባባ "ግቢ" አሉኝ። ትንሽ ወጣ አልንና መብራቱን ለቀቁት።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ድንጋዩ ለብቻ፣ ቁጥቋጦው ለብቻ፣ የመንገዱ ጠርዝ እንደ ቀትር። አባባ ኩርባውን ዞሩ፣ ሌላም ኩርባ ዞሩ። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔ አባቴ እንዲህ ሲስቁ መቼ እንዳየሁ አላስታውስም። "ታዲያ እስከ ዛሬ በዳበሳ ነዋ የነዳሁት!" አሉ።

ደስታዬን የት ላስቀምጠው? የክፍሏን በር ምን ቀለም እንደምቀባው ሁሉ ወስኛለሁ። ሰማያዊ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ወይ ጉድ።

አባባ ማታ ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። እኔ "መብራቱ እንዴት ነበር?" ማለት! ደምሴ በዓይኑ ጠቀሰኝና ደጅ አወጣኝ።

"ከመናኸሪያ የገቡት ብቻ ናቸው የሄዱት" አለኝ። "መንገድ ላይ አንድ ሰው አልወጣም። ጡሩንባ ብንነፋ፣ ብንቆም፣ ማንም! ግማሽ ወንበር ባዶ። መምሬ ኃይሉ ብቻቸውን ዱላቸውን ይዘው ቆመው አገኘናቸው።"

መምሬ ኃይሉ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ለሕክምና ነው የሚሄዱት። ሌላው ሰው የት ገባ? ደምሴም አያውቅም።

ራት ላይ አባባ አፋቸውን ከፈቱ። "መብራት ግጠሚ አልኩሽ እንጂ ሰው አባርሪ አልኩሽ? ከዚህ በላይ ምን አቤቱታ አለ? የድሮውን መልሽ።"

ለመንኳቸው። "አባባ፣ ነገን ብቻ ይስጡኝ። አብሬ ልሂድና በዓይኔ ልየው።" እማዬም ደግፋኝ "መብራቱ መቼ ሰው በላ?" አለቻቸው። "ነገን ብቻ" አሉ።

አልቅሻለሁ። በንዴት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ገና ሳይነጋ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ውርጩ አጥንት ይሰብራል። መንገዱ ባዶ ነው፤ ቤቶቹ ግን በራቸው ገርበብ ብሏል፣ ከውስጥ እሳት ይታያል። አንዱ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ጋቢ ተከናንባ ትመለከተናለች። አስቁሜ ወረድኩና ወደ እሷ ሄድኩ።

"እትዬ፣ አትሳፈሩም?"

"ሂጂ እቴ፣ እኛ አንድ ዓይናዋን ነው የምንጠብቅ።"

"እሷው ናት እኮ!"

"ቢጫዋ የታለች? ይሄማ የሹም መኪና ነው። ትናንትም እንዲህ ሲያንቦገቡግ አለፈና እኛ እስከ ረፋድ ጠብቀን ቀረን።"

ራሴን በጥፊ ልመታ ምንም አልቀረኝ። እኔ እኮ እዚሁ ነው ያደግሁት! በዚህ ብርድ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ማን አለ? ሰው እሳቱን እየሞቀ ማዶ ማዶውን ያያል፤ ቢጫዋ ዓይን ከወዲያኛው ጋራ ብቅ ስትል ነው ጓዙን አንስቶ የሚወርድ። እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበር የምወርደው። ስፈታው፣ ስገጥመው፣ ሳስተካክለው፣ አንዴ እንኳ ከማዶ ሆኜ አላሰብኩትም።

ስንመለስ መምሬ ኃይሉም ታክመው ከእኛ ጋር ገቡ። ትናንት እንዴት እንዳወቋት ጠየቅኳቸው።

"በሳሏ ነዋ ልጄ" አሉኝ። "መብራቱን መቼ አየሁትና! የሚያይ ቀረ፣ የማያይ ሄደ።" አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አባባ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መንገዱ አዩ።

ቤት እንደገባን ዶሮዎቹን አባርሬ ቢጫውን መብራት ወሰድኩባቸው። አጠብኩት፣ ውስጡ ቢጫ ኤልኢዲ አስገባሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣሪያዋ ላይ ቀኝ ጥግ አሰርኩት። አዲሱ ነጭ እንዳለ ነው፤ መንገዱን ለአባባ ያሳያል። ቢጫዋ ለሰው ናት። አባባ መሰላሉን ይዘውልኛል፣ ግን እየተነጫነጩ፦ "መኪና እንጂ የሠርግ ዳስ መሰለሽ?"

"ነገ ካልሆነ ሁሉንም እፈታለሁ" አልኳቸው። ሳልወድ ነው ያልኩት። ነጋዴው ዛሬም መጥቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አብሬ አልሄድኩም። ከማዶ ማየት ፈለግሁ። እማዬን ቀስቅሼ ከቤታችን ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። በአንድ ጋቢ ሁለት ሆነን ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል።

ሞተሩ ሲያስል ሰማን። ወጣች። ነጩ መንገዱን እየጠረገ፣ ቢጫዋ ከላይ። ጋራውን ዞረችና ጠፋች፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ብቅ አለች። ከዚህ ርቀት ነጩ የየትኛው መኪና እንደሆነ አይለይም፤ ቢጫዋ ግን ቁልጭ ብላለች። ቁልቁለቱ ጨለማ ነው። ምንም የለም። "በቃ፣ አልሆነም" አልኩ።

እማዬ ክንዴን ጨመቀችኝ። "ያውልሽ!"

ከአንድ ቤት ደጅ የእጅ ባትሪ በራ። ወደ መንገዱ ወረደ። ከዚያ ከታች ሌላ። ከዚያኛው መንደር ሁለት አብረው፣ እየተሯሯጡ። አውቶቡሷ ቆመች። ስቶፗ ቀይ ሆኖ እኔ ቆሜበት ከነበረው ድረስ ታየኝ፤ ግራም ቀኝም። እማዬ እልልታዋን ልትለቀው ስትል አፏን ያዝኩ፣ መንደሩ ተኝቷል። ከዚያ ለቀቅኳት። አቀለጠችው።

ማታ ደምሴ "መተላለፊያው ላይ ሁሉ ሰው ነበር" አለ። አባባ ግን ስለ ክፍሏ ትንፍሽ አላሉም። በልተው ተኙ። ምን ማለት ነው? እንቅልፍ እንጃ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነጋዴው አባባን ጠጋ አላቸው። እኔ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ጆሮዬን ጣልኩ። "ክፍሏማ ተይዛለች" አሉት። "ማን ያዛት?" "ባለሙያ።"

ባለሙያ! ስሜን ግን አልጠሩም።

ቤት ስንደርስ ቁልፉን ሰጡኝ። ዝጓል፣ ዘይት ያስፈልገዋል። "ያቺን ቢጫ ማንም እንዳይነካት" አሉኝ፣ ሌላ ምንም የለም። ጉልበታቸውን ልስም ስል "ተይ እቴ፣ ሰው ያያል" ብለው ሸሹ።

ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ የጭነት ሾፌር ነገ መኪናውን ሊያመጣልኝ ነው። ገና ጠረጴዛ እንኳ የለኝም። ያውቅብኝ ይሆን የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሱ እንደሆነ?

አሁን ይህን ስጽፍ አባባ ደጅ ከጎረቤት ጋር ናቸው፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። "ቢጫዋ ጣሪያ ላይ ትውጣ ያልኩት እኔ ነኝ" እያሉ ነው። "መሰላሉንም የያዝኩት እኔው።"

ይበሉ። ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ነው።