ጣቃውን አንሺልኝ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ያ ሳል ተወው? አንቺስ እንቅልፍ አገኘሽ ወይስ አሁንም የስብሰባ ወረቀት ታቅፈሽ ነው የምታነጊው? እኛ ደህና ነን። ደህና ማለቴ ለወጉ ነው፤ እኔ እንኳ ስልኩን ከዘጋሽብኝ ጀምሮ እርር ድብን እያልኩ ነው የሰነበትኩት። በስልክ አፍ አፌን ስለምትይኝ በጽሑፍ ይሁን አልኩ።

የገዛ እህቴ ስፌት ቤቷ ወጣት ሴት አታስገባም ሲሉኝ አፈርኩብሽ አልሽኝ። እፈሪ። ግን ምክንያቱን አውቀሽ እፈሪ።

ሕጉን ስታረቅቁ ቤቴ መጥተሽ ነግረሽኛል። የወለደች ሴት ደመወዟ ሳይነካ አራት ወር ትረፍ ስትይ ደስታዬን አልቻልኩትም። እኔ ሁለተኛዋን ልጄን በወለድኩ በሳምንቱ ማሽን ላይ ተቀምጫለሁ፤ ያንን ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ማን ነው የሚከፍለው ብዬ ጠየቅኩሽ። አሠሪው አልሽኝ። ለምን ከመንግሥት ካዝና አይሆንም ስልሽ በጀት የለም አልሽ። መንግሥት ያጣውን የእኔ ስድስት ማሽን ከየት ያምጣው፣ እታለም? እስቲ በሞቴ ንገሪኝ።

ሕጉ እንደወጣ ሁለት ልብስ ሰፊዎቼ ተከታትለው ወለዱ። ከፈልኳቸው፤ ይገባቸዋልና አልቆጨኝም። በቦታቸው ላስገባኋቸውም ከፈልኩ። አዲሶቹ እጃቸው እስኪፈታ ግን አንድ ትምህርት ቤት ያዘዘኝ የተማሪዎች ዩኒፎርም ዘገየ፣ ትምህርት ቤቱም ፊቱን ወደ ማዶው ስፌት ቤት አዞረ። የማዶው ሰውዬ የሚቀጥረው ወንድ ብቻ ነው። ሴት ስለሌለው የሚከሰው የለም። እናንተ ደግሞ ሕግ አክባሪ ብላችሁ በጉባኤ አመሰገናችሁት። ወይ ጉድ!

ለሥራ የመጣችን ሴት ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ማለት ከልክላችኋል። እሺ፣ አልልም። የጨርቅ ጣቃ መሬት ላይ አጋድምና እስቲ ይህን ጠረጴዛው ላይ አንሺልኝ እላለሁ። አንዳንዷ ብድግ ታደርገዋለች። አንዳንዷ ቆም ትላለች፣ እጇ ሳታዘው ሆዷ ላይ ያርፋል። እሷን አመስግኜ እሸኛታለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የማደርገው፤ ካላደረግኩት ደግሞ ያሉት ሰፊዎች ራሳቸው ሥራ ያጣሉ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ልጅሽ መጣች። ባሏ ሥራ ከፈታ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ላይ ነው፣ ታውቂዋለሽ። የሄደችበት ሁሉ እንደውልልሻለን እያሉ ሸኝተዋታል። ለዘመድ አዳላች እንዳልባል እንደማንም ሰው ጣቃውን አሳየኋት። ጎንበስ አለችና መልሳ ቀና አለች። የጣቃው ነገር ገባት።

«አክስቴ፣ ጊዜው ሲደርስ በራሴ ፈቃድ እለቃለሁ» አለችኝ። «የእማዬን ሕግ አልጠይቅሽም።»

ያንን ሕግ ለማን ብለሽ እንደለፋሽበት አውቃለሁ እኮ። እሷ ግን ሥራ ለማግኘት ስትል መጀመሪያ የጣለችው እሱን ነው።

ቀጥሬያታለሁ፣ ሰኞ ትጀምራለች። ማሽን ሸጬም ቢሆን የሚገባትን አላስቀርባትም። የቀረውን ራሷ ትንገርሽ፤ እስከዚያው እናንተ ቤት ስትመጣ ከባድ ነገር አታስነሺያት።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሌላ ሴት መጥታ ነበር። ኮሌታ ስትገጥም አይቻታለሁ፤ ልጅሽ አጠገቧ አትደርስም። እሷም ጣቃው ፊት ቆማ እጇ ሆዷ ላይ ሄደ። አመስግኜ ሸኘኋት፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። ልጅሽ አክስት ነበራት። ያቺ የነበራት ያንቺ ሕግ ብቻ ነው።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ባለቤትሽን ይማርልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የልጅ ልጅ ለመሳም ያብቃሽ።

ንዴቷ ያልበረደላት ታናሽሽ